ከፈረስ ወድቆ ጭንቅላቱ የተናወጠ ልጅ፦ «ኦስቲዮፓት» የሚሉት የእጅ ሕክምና ይረዳዋል ወይስ ወጌሻ ይበቃል?

የመሐል ሜዳው መምህር · የካቲት 28፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ። ለጥምቀት ታቦት ሲሸኝ ከጓደኞቹ ጋር ይጋልብ ነበር፣ ፈረሱ ደንብሮ ጣለው። በማጅራቱና በቀኝ ጆሮ ግንዱ በኩል ነው መሬት ያገኘው። አንድ ደቂቃ ያህል ራሱን ሳተ ይላሉ የነበሩት። ሲነቃ «ፈረሱስ?» ብሎ ጠየቀ። ደህና ነው አሉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ፈረሱስ?» አለ። እስክንደርስ ድረስ ያንኑ ሲጠይቅ ነበር፣ መልሱን ግን አንዴም አልያዘውም።

ሆስፒታል ወሰድነው። ሲቲ ስካን ተነሣ፣ ደም የለም፣ ስብራት የለም፣ ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) ነው፣ ይረፍ ተባልን። እኛም አሳረፍነው! ሦስት ሳምንት መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቅለን ጨለማ ቤት አስተኛነው። አሁን ሰባት ሳምንት ሊሞላው ነው። ራስ ምታቱ ከማጅራቱ ተነሥቶ ይወጣና ዓይኑ ጀርባ ይቀመጣል። አልጋ ላይ ሲገላበጥ ቤቱ ይዞርበታል። መጽሐፍ ከገለጠ ሩብ ሰዓት አይቆይም፣ ፊደሉ ይሯሯጥብኛል ይላል። ጫጫታ አይችልም፣ ቁጡ ሆኗል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ሦስት ወገን አለ። እናታችን ጠበል ትላለች። አያታችን እማሆይ «ማጅራቱ ዞሯል፣ ወጌሻ ይየው» ይላሉ። አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ደግሞ በየቀኑ እየደወለች ኦስቲዮፓት ፈልጉለት፣ በእጁ ብቻ ነው የሚያክመው፣ እኔን ከመኪና አደጋ በኋላ ያዳነኝ እሱ ነው ትላለች። ደብረ ብርሃን ሄጄ ባስስ እንደዚያ የሚል ታፔላ አላየሁም። ይህ ኦስቲዮፓት የሚሉት ሰው ፈረንጅ ወጌሻ ነው ወይስ ሐኪም? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ሲስተር ጠባሴ · የካቲት 28፣ ከምሽቱ 2፡50

መምህር፣ እግዜር ይማርልዎ። ስለ እጅ ሕክምና ከማውራታችን በፊት እነዚህን ይመልሱልኝ። ያስመልሰዋል? ራስ ምታቱ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ነው የሚሄደው ወይስ ባለበት ነው? የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ይሰፋል? ከአፍንጫው ወይ ከጆሮው ውኃ የመሰለ ነገር ወርዶ ያውቃል? አንደበቱ ይተሳሰራል? እጅ እግሩን ይደነዝዘዋል? አንቀጥቅጦት ያውቃል? ሲቀሰቅሱት አልነቃም ያለበት ጊዜስ?

ከእነዚህ አንዱ ካለ ይህን ገጽ ዝጉና ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ሲቲ ስካን ያን ቀን ንጹሕ ነበር ማለት ዛሬም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ደም ቀስ ብሎ የሚጠራቀምበት ጊዜ አለ። ደሞ ኮንከሽን ራሱ በሲቲ አይታይም፤ ሲቲው የሚፈልገው ደምና ስብራት ነው። «ምንም የለም» ሲባል ልጁ አስመሳይ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ።

ከሸዋ ሮቢት · የካቲት 28፣ ከምሽቱ 3፡05

ጭንቅላት እኮ ቆርኪ አይደለም፣ በእጅ ጠምዝዘው የሚያስተካክሉት። እኔ ከሲስተር ጋር ነኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት · የካቲት 29፣ ከሌሊቱ 9፡30

ሞጃ ተወልጄ ሜሪላንድ የምኖር ነኝ። የአክስትህ ልጅ አልዋሸችህም። እኔም ከኋላ ተገጭቼ አራት ወር ራሴን አሞኛል። የላከኝ የቤተሰብ ሐኪሜ ነው፣ ያከመኝም ሙሉ ሐኪም ነው። እዚህ አገር ዲ.ኦ. የሚል ማዕረግ ያላቸው ኦስቲዮፓቶች እንደማንኛውም ዶክተር መድኃኒት ያዛሉ፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራሉ።

ምን እንዳደረገ ልንገርህ። በጀርባዬ አስተኛኝ። ራስጌዬ ላይ ተቀመጠና የሁለት እጁን ጣቶች ጭንቅላትና አንገት የሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ ከሥር አስገባ። ከዚያ ምንም አላደረገም! ጭንቅላቴ በራሱ ክብደት ጣቶቹ ላይ እስኪያርፍ ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይሆናል። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነበር፣ ኋላ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ ተሰማኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ግንባርህን ወደ እጄ ግፋ፣ በጣም አይደለም» ይለኝና እሱ ይይዛል፣ ከአምስት ስድስት ሰከንድ በኋላ «ልቀቅ» ይላል፣ አንገቴ ትንሽ አልፋ ትዞራለች። ሲጨርስ ደግሞ የራስ ቅል አጥንቶቼን በእርጋታ ይዞ የአንጎሌን ፈሳሽ ምት እንደሚያስተካክል ነገረኝ። በስድስተኛው ቀጠሮ ራስ ምታቴ በግማሽ ቀነሰ። ይሠራል እላለሁ።

ማጅራት ፊዚዮ · የካቲት 29፣ ከቀኑ 7፡20

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር ነው የምውለው። የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ ነው የምጽፈው፣ ስሕተት ካለ እለፉልኝ።

ለመምህሩ ጥያቄ፦ ሁለቱም ነው። ኦስቲዮፓቲን የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል የሚዙሪ ሐኪም ነው፣ 1874 እ.ኤ.አ. ነው የሚባለው፤ ትምህርት ቤቱን ኪርክስቪል ላይ የከፈተው 1892 ነው። ያን ጊዜ የነበረው መድኃኒት ከበሽታው ይልቅ ይገድል ስለነበር ሰውየው ወደ አጥንትና ጡንቻ ዞረ። አሜሪካ ውስጥ ትምህርቱ አድጎ ሙሉ ሐኪምነት ሆነ። እንግሊዝ አገር ግን ኦስቲዮፓት ሐኪም አይደለም፤ በ1993 በወጣ ሕግ የሚመዘገብ የእጅ ሕክምና ባለሙያ ነው። ስለዚህ «ኦስቲዮፓት አየኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የት አገር ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ልጁ። እጅ አንጎልን አያክምም። ይህን ማንም በሌላ አይተርጉምላችሁ። ነገር ግን ከፈረስ የወደቀ ሰው አንጎሉ ብቻ አይደለም የተናወጠው። ጭንቅላት ከባድ ነው፣ ሲወረወር አንገት ነው የሚይዘው፣ አንገት አብሮ ይጎዳል። ከላይኞቹ ሦስት የአንገት ነርቮች የሚመጣው ሕመምና የፊት ስሜት የሚያመጣው ነርቭ የሚያደርሰው ሕመም እላይ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አንጎል የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ማጅራት ላይ ያለ ጉዳት ዓይን ጀርባ የሚሰማው ለዚህ ነው። መምህሩ «ከማጅራቱ ተነሥቶ ዓይኑ ጀርባ ይቀመጣል» ሲሉ ጆሮዬ የቆመው እዚህ ጋ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን የገለጸው በጣት መያዝና «ግፋ፣ ልቀቅ» የሚለው የሚረዳው ይህን ነው። እኛም ፊዚዮዎቹ እንሠራዋለን፣ ስሙ ነው የሚለየው።

በዓለም ላይ ስለ ስፖርት ኮንከሽን የሚመክሩት ባለሙያዎች በ2022 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ተሰብስበው ነበር፤ የተስማሙበት በዓመቱ ታተመ። የአንገት ሕመም፣ ራስ ምታት ወይም ማዞር ከአሥር ቀን በላይ ከቆየ የአንገትና የሚዛን ሕክምና ይሰጥ ይላል። ኦስቲዮፓቲ ብለው ነጥለው አላነሡም። ኦስቲዮፓቶቹ ራሳቸው በኮንከሽን ላይ የሠሯቸው ጥናቶች አሉ፣ ግን ጥቂት ሰው ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ራስ ምታት ቀነሰ የሚል አለ፣ ያድናል ለማለት አይበቃም።

የራስ ቅል አጥንት ማንቀሳቀስ የሚሉትን ግን አልቀበለውም። እሱ ሳዘርላንድ የሚባል የስቲል ተማሪ ያመጣው ነው። የአዋቂ ሰው የራስ ቅል በጣት ጫፍ አይላወስም። ያን «ምት» ሁለት ባለሙያ አንድ ሰው ላይ ቢቆጥር አይስማማም፣ ተሞክሯል። ደስ ይላል፣ ያዝናናል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ እሱን አልክድም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት · የካቲት 29፣ ከምሽቱ 1፡10

ወንድሜ እኔ የምነግርህ የተሰማኝን ነው። አጥንቱ ተላወሰም አልተላወሰም እኔ ተሽሎኛል።

ማጅራት ፊዚዮ · የካቲት 29፣ ከምሽቱ 1፡40

እንኳን ተሻለህ። የተሻለህ ግን ከመጨረሻው የራስ ቅል አያያዝ ነው ወይስ ከመጀመሪያው የአንገት ሥራ? ወይስ አራት ወር አልፎት? ብዙው ሰው እኮ በአራት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፣ የቀረውም ቀስ እያለ። ላንተ መዳን ምክንያት የሚሆን ተሰልፎ ነው የቆመው።

የወጌሻ ልጅ · መጋቢት 1፣ ከጠዋቱ 3፡00

አባቴ አንኮበር ወጌሻ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። እዚህ ወጌሻ ሲሰደብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ማንም እስካሁን አልተሳደበም፣ ግን ሊመጣ ነው፣ አውቀዋለሁ።

አባቴ ወለምታ በአውራ ጣቱ ፈልጎ ያገኝ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ስንጥቅ አስሮ ሲጠግን አይቻለሁ። ግን ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ሲያመጡለት «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ይመልስ ነበር። አንድ ጊዜ ከዛፍ የወደቀ እረኛ አመጡለት፣ አንገቱን ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበ፣ በቃሬዛ ሳይነቃነቅ አውርዱት አለ። ጥሩ ወጌሻ የሚታወቀው በማይነካው ነው ይል ነበር። አሁን ያሉት እንደዚያ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም።

የመሐል ሜዳው መምህር · መጋቢት 1፣ ከምሽቱ 2፡00

ሲስተር፣ ከጠየቁኝ ምልክቶች አንዱም የለም፣ ተመስገን። ማስመለስ የመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ራስ ምታቱ አልባሰም፣ አልተሻለምም።

የወጌሻ ልጅ ያሉትን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማሆይ ራሳቸው ነገሩኝ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ወጌሻ ጋ ወስደውት ኖሯል። ሰውየው ማጅራቱን በቅቤ አሽቶ (ጾም ስለሆነ እማሆይ መጀመሪያ ቅቤ አይነካውም ብለው ተከራከሩ፣ ኋላ «በአፉ አይገባም» ተብለው ተስማሙ) አገጩንና ጭንቅላቱን ይዞ ድንገት ጠመዘዘው። ቀጭ አለ። ልጁ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሣም፣ ማዞሩ ባሰበት። እማሆይ «አቃንቶት ነው፣ ሲቃና ያማል» ብለው ደበቁኝ። አሁንም አንድ ጊዜ ይደገምለት ይላሉ።

ማጅራት ፊዚዮ · መጋቢት 1፣ ከምሽቱ 2፡20

አይደገምም! መምህር፣ እማሆይን በእኔ ስም እግራቸውን ስመው ይለምኑልኝ፣ አይደገምም።

በአንገት አጥንቶች ውስጥ ለውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ ሁለት የደም ሥሮች አሉ። ድንገተኛ ጥምዘዛ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ሊቀድ ይችላል፣ ከዚያ ስትሮክ ይመጣል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በውድቀት በተጎዳ አንገት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ይህን የምለው ለወጌሻ ብቻ አይደለም፤ ኦስቲዮፓትም ይሁን ካይሮፕራክተር (አከርካሪ በእጅ የሚያቃና ባለሙያ) ይሁን የእኔ ባልደረባ፣ ጭንቅላቱ የተመታን ልጅ አንገት ቀጭ ሊያደርግ የተነሣን ሰው እጁን ያዙት።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ማዞሩ የሚመጣው ሲቆም ነው ወይስ አልጋ ላይ ወደ አንድ ወገን ሲዞር? ስንት ሰከንድ ይቆያል? ማስታገሻ በሳምንት ስንት ቀን ይወስዳል?

የመሐል ሜዳው መምህር · መጋቢት 2፣ ከጠዋቱ 12፡45

ሌሊት አስነሥቼ ጠየቅሁት፣ ተቆጣኝ። አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ሠላሳ ሰከንድ አይሞላም፣ ግን አልጋውን ጨብጦ ይይዛል። ወደ ግራ ምንም የለም። ፓራሲታሞል በየቀኑ ይውጣል፣ አንዳንዴ ዲክሎ ይጨምርበታል።

ማጅራት ፊዚዮ · መጋቢት 2፣ ከቀኑ 6፡50

ሳላየው አልፈርድም፣ ነገር ግን ይህ የአንጎል ማዞር አይመስለኝም። የውስጥ ጆሮ ውስጥ ሚዛን የምንጠብቅባቸው ትንንሽ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ጭንቅላት ሲመታ ከቦታቸው ይለቁና ከፈሳሹ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፤ ወደዚያ ወገን በዞሩ ቁጥር ቤት ይሽከረከራል። ይህ በእጅ ይታከማል፣ ጠጠሩን ጭንቅላቱን በተራ በተራ እያዘነበሉ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ኤፕሊ ይባላል። ዩቲዩብ ዓይታችሁ ግን ቤት እንዳትሞክሩ፣ አንገቱ መጀመሪያ መታየት አለበት፣ በተለይ ከዚያ ጥምዘዛ በኋላ።

ማስታገሻውም እንዲህ በየቀኑ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። በወር ከ15 ቀን በላይ ከሆነ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ ይንገራችሁና ቀንሱት።

ጋቢውንም ከመስኮቱ አውርዱ። ጨለማ ቤት መተኛት የድሮ ምክር ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ረገብ ማለት ነው፣ ከዚያ በእግር መንቀሳቀስ ይጀመራል። ሕመሙ ትንሽ ቢነካካው ግድ የለም፣ ብዙ ከጨመረ ቀነስ፣ ነገ ደግሞ ሞክር። ትምህርቱም እንደዚያው፣ ሩብ ሰዓት ከቻለ ሩብ ሰዓት አንብቦ ይረፍ እንጂ እያመመው አንድ ሰዓት አይታገል። ፈረስና ኳስ ግን ሐኪም እስኪፈቅድለት የለም። ሳይድን ሁለተኛ ቢመታ ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል።

እናት ከደብረ ሲና · መጋቢት 2፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ፣ አንድ ነገር ማንም አላነሣም። ይጾማል? የእኔ ልጅ ከባጃጅ ወድቆ እንዲህ ሆኖ ነበር። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ፣ ውኃም ሳይቀምስ ይውልና ከሰዓት ራሱን ይዞ ይጮኻል። የንስሐ አባቱን ለመነው፣ «ታማሚ ነህ፣ ተፈታልህ» አሉት፣ ጠዋት በሶ በጥብጬ ስሰጠው ግማሹ ሕመም ተወው። የጾሙን ነገር አንተ አትወስን፣ ካህኑን ጠይቁ።

ስልኩንም ንጠቀው። ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ስልክ የሚያይ ልጅ አረፈ ይባላል?

የመሐል ሜዳው መምህር · መጋቢት 2፣ ከምሽቱ 2፡10

እትዬ፣ እንዴት አወቁት! ጋቢው ሥር ስልክ ነበር።

የመሐል ሜዳው መምህር · ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡00

የደረስንበትን ላሳውቅ ብዬ ነው፣ ጠይቃችሁኝ ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ በሞላሌ፣ በታርማበር ዞረን ደብረ ብርሃን ገባን። እማሆይ እኔም እሄዳለሁ ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ፣ ማን ይከለክላቸዋል። ሐኪሙ አንገቱን በራጅ ካየ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከን። ፊዚዮዋ ወጣት ልጅ ናት። መጀመሪያ ብዙ ጠየቀች፣ በጣቷ ዓይኑን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አስከተለች፣ በአንድ እግሩ አቆመችው። ከዚያ አልጋ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙራ፣ ጭንቅላቱ ከአልጋው ጫፍ ዝቅ እንዲል አድርጋ አስተኛችው። ዓይኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ብሌኑ እየዞረ ይመለሳል። ልጁ ክንዴን ቧጨረኝ። እሷ ግን እስኪቆም ጠበቀች። ከዚያ ወደ ግራ አዞረችው፣ ጠበቀች፣ በግራ ጎኑ ፊቱን ወደ ወለሉ አስደፋችው፣ ጠበቀች፣ ቀስ ብላ አስነሣችው። በሳምንቱ ደግማ ሠራችለት። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ይገላበጣል፣ ቤቱ አልዞረም።

አንገቱን ያ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን እንዳለው ነው የሠራችው፣ ጣቶቿን ከሥር አስገብታ ዝም። ቀጭ ያለ ነገር የለም። ቤት የሚሠራው እንቅስቃሴ ሰጠችው፣ አገጭን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፊደል እያዩ ጭንቅላትን ማዞር። አራት ጊዜ ሄደናል። ሆቴሉና ትራንስፖርቱ ከሕክምናው በላይ ነው የወሰደብኝ።

አልዳነም፣ አልዋሽም። ከሰዓት በኋላ አሁንም ያመዋል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፤ ድሮ በየቀኑ ነበር። ማስታገሻውን ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ሲኦል ነበሩ፣ ኋላ ረገበ። አርባ ደቂቃ ያነባል። ፈተናውን ይቀመጥ አይቀመጥ ገና አልወሰንም፣ ርእሰ መምህሩን አነጋግሬአለሁ። እናታችን ጠበሉን በጎን ቀጥላለች፣ ማንም አልከለከላትም፣ ፊዚዮዋም «ቀዝቃዛው ማጅራቱን ካላደነደነው ግድ የለም» አለች።

እማሆይ ጥግ ተቀምጠው ሙሉውን ሲያዩ ቆዩና ስንወጣ «እጇ የወጌሻ ነው። ግን ለምን አትጠመዝዝም?» አሉኝ።

የወጌሻ ልጅ · ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡25

አባቴ ቢያያት ይመርቃት ነበር።

ከሸዋ ሮቢት · ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡40

መምህር፣ ፈረሱስ?

የመሐል ሜዳው መምህር · ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡42

ደህና ነው። ቅዳሜ ገብስ ጭኖ ገበያ ወርዷል።